አንቺ የሠራሽው ሹሩባ

ይድረስ ለአስካለ፣ ከሹፌሩ።

አስኩዬ፣ ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንቺን እንዳልጠይቅ ከእንግዲህ የሚያምሽ ነገር የለም። የእኔን እንዳልነግርሽ ደግሞ ስለ ጉልበቴ ገና አፌን ስከፍት «ቁጭ ብለህ እየዋልክ ምን ያድርግህ» ትይኛለሽ። ስለዚህ ሁለታችንም ደህና ነን ብለን እንለፈው። ስትሄጂ መስቀል አልደረሰም፤ አደዩ ገና መፍካቱ ነበር። አሁን ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ የጠዋቱ ብርድ ከጎጆ ከተማ ድንች ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ የመጣ ይመስላል። ይህን ያህል ጊዜ ከቤትሽ ወጥተሽ አታውቂም። ሆለታ ልጃችን አልማዝ ዘንድ ሄደሽ እንኳ ሳምንት ሳይሞላሽ «ሰውዬው ቤቱን አቆሽሾታል» ብለሽ ትመለሺ ነበር። ይኸው ቤቱ ቆሽሿል፤ አንቺ ግን አልመጣሽም።

እዚያ ያለሽበት ቦታ ሰልፍ ካለ መቼም አንቺን ከፊት አቁመውሽ የገቢውን ሁሉ ጥፍር ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ። እኔ ስመጣ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር የጠቆረው በቆሻሻ አይደለም፣ ጌዶ ዳገት ላይ የመኪና ማንሻው ክሪክ ጨፍልቆት ነው። ካንቺ በቀር የሚመሰክርልኝ የለም።

የሰፈሩን ወሬ ላሳጥርልሽ። ቀይ ዶሮሽ እንቁላል መጣል አቆመች። እሷም ሐዘን ላይ ናት ብዬ ሳላስቸግራት ቆየሁ፤ ለካ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ አጥር ሥር ነው የምትጥለው። ብርቄም እንቁላሉን እየበላች በየማታው ታጽናናኝ ነበር። የጋብቻ ወረቀታችንን ለቀበሌ ጉዳይ ከሣጥን ሳወጣው ደግሞ ሀገረ ሕይወት ይላል። እኔ ያገባሁሽ ሀገረ ሕይወት ነው፤ የቀበርኩሽ አምቦ። ከተማዋ ስሟን ቀያየረች፣ እኔና አንቺ ግን እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ ስንጨቃጨቅ ነበርን።

ልጃችን አልማዝ ከአበባ እርሻው ፈቃድ ባገኘች ቁጥር እሑድ እሑድ ትመጣለች። ትመጣና ግድግዳውን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። የጭቃው ምርጊት ተሰነጣጥቋል፣ ተባይ ይገባበታል፣ ከአጨዳው በኋላ ሰው ጠርቼ በሲሚንቶ አስለስነዋለሁ ትላለች። ከበሩ ኋላ ያለውን ስንጥቅ ታውቂዋለሽ፤ ስታበጥሪ የወደቀውን ጠጉር እየጠቀለልሽ የምትወትፊበትን። ጠጉር ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ወፍ ጎጆ ትሠራበታለች፣ ባለቤቱን ራስ ምታት አይለቀውም ትይ ነበር። እኔ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቤታችን ጠጉር እያበቀለ ነው፣ ለፋሲካ ሹሩባ እናሠራዋለን» እያልኩ አስቅብሽ ነበር። አልማዝን ስለ ልስኑ ቆይ አልኳት። ለምን ስትለኝም ቆይ ብቻ አልኩ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ዶሮም ስለ ልስንም አይደለም። ቀልዴ አልቆብኝ ነው። ጌዶና አምቦ መካከል ስንቱን ትራፊክ፣ ስንቱን ረዳት፣ ስንቱን ጠጥቶ የተሳፈረ ነጋዴ በአፌ ብቻ ያሸነፍኩ ሰውዬ በአንዲት ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ተሸነፍኩ። የአልማዝ ልጅ፣ የልጅ ልጅሽ ቦንቱ አሸነፈችኝ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ጠጉሯን የሠራሽላትን ቀን ታስታውሺዋለሽ። ጓሮ፣ ኮኩ ሥር፣ ዱካ ላይ ተቀምጠሽ ራሷን በጉልበቶችሽ መካከል ይዘሽው ነበር። እሷ አንቺን አያቷን «አኮ አመመኝ» እያለች ትጮሃለች፤ አንቺ ደግሞ የተማሪ ራስ እንደ ደብተር መስመር ቀጥ ማለት አለበት ትያለሽ። ጫፍ ጫፉን የምታስሪበት ክር ስታጪ የእኔን የሹፍርና ዘመን ቀይ ሹራብ አመጣሽና ከክንዱ ክር መዘዝሽ። ጮህኩብሽ። ሹራቡ እኮ ከነቀምት መንገድ ብርድ ያተረፈኝ ነው። አልሰማሽኝም። በመሀል በመሀል እጅሽ ያርፍ ነበር። ክንዴ ዛለ ስትዪ እኔ «ሞተሩ ሙቀት ይዞታል፣ ውሃ ጨምሩበት» አልኩ። ሳቅሽ። ሳቅሽና ቀጠልሽ፣ ጨረስሽ። ሹሩባው ቀጥ ያለ ነበር፤ አንድም የተንጋደደ የለም። በዚያው ሳምንት የደም ግፊቱ ጣለሽና ሆስፒታል አደረስንሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ልጅቷ በለቅሶው መሀል ትምህርት ጀመረች። መምህሯ ቲቸር ሌንሴ ትባላለች፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋን የማታነሣ። በዚህ መንፈቅ ከሌላው ትምህርት ሁሉ ይልቅ የያዘቻቸው ቁልቁሊና ነው፣ ንጽሕናውን። ቦንቱ በየቀኑ አዲስ ሕግ ይዛ ትመጣለች። ከምግብ በፊት በሳሙና፣ ከሽንት ቤት መልስ በሳሙና። ውሃ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ዶሮ ከሰው ጋር አይደር። ጀሪካን በስታ በገመድ አንጠልጥላ በእግር ሲረገጥ ውሃ የሚያፈስ መታጠቢያ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ አሠራችኝ። እኔ በልጅነቴ እጄን የምታጠበው ለፋሲካና ለገና ነበር ብላት፣ ለዚህ ነው ጥፍርዎ የጠቆረው አለችኝ። ማታ ማታ ያንቺን ዱካ ስባ ትቀመጥና እጄን ታያለች። መዳፍ፣ ገልበጥ፣ ጥፍር። ከዚያ አፍ። መፋቂያዬን ጥርሴ ላይ ሳላዞር መተኛት ቀረ። ሕጉ ከቲቸር ሌንሴ ይሁን እንጂ አጨካከኑ ያንቺ ነው።

ያንቺ ጭካኔ ከየት እንደመጣ እሷ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለ ሳሙና ሲያስተምሩሽ አብረሽኝ ትስቂ ነበር። የበኩር ልጃችንን ተቅማጥ ከወሰደብን ወዲህ ግን ስለ ሳሙና ስቀሽ አታውቂም። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት እጁን ሳይታጠብ የቆረሰ የለም። ስለዚህ እኔም ቦንቱ እጄን ስታገላብጠው ዝም ብዬ እሰጣታለሁ፤ ትንሽ ብቻ አስቸግራታለሁ፣ ለወጉ።

ትጋቷን አይታ ቲቸር ሌንሴ የክፍሉ የንጽሕና ተቆጣጣሪ አደረገቻት። ሰኞ ሰኞ ከሰልፍ በኋላ የጓደኞቿን ጥፍርና ጆሮ የምታየው እሷ ሆነች። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ አረማመዷን ብታዪው። የወረዳ አስተዳዳሪ ነው የመሰለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ፤ ከልቧ ሳቀች።

ችግሩ ራሷ ነው። ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ሲያብረቀርቅ ራሷን አታስነካም። አርባሽ ከመውጣቱ በፊት ሐዘን ነው ብለን ተውናት። ከአርባው በኋላ ግን ሹሩባው ተንጨባርሮ፣ ያ ቀጥ ያለው መስመር ጨርሶ ጠፍቶ፣ ከሥሩ አዲስ ጠጉር በቅሎ አንስቶታል። ቀዩ ክር ብቻ ነው እንደነበረ የቀረው። ብርቄ ልፍታልሽ ስትላት ሸሸች። አልማዝ መጥታ ይዛት ስትታገላት ነክሳት አመለጠች፤ እናቷን ነከሰች። ከዚያ ወዲህ የብርቄን አሮጌ ሻሽ ለምና አሰረችና ተኝታም አታወልቀው። ራሷን ስታክ ሳያት ምን ሆነሽ ስላት ፀሐይ ነው ትለኛለች፤ በዚህ ብርድ።

የሆነውን ቲቸር ሌንሴ ናት የነገረችኝ። አንድ ሰኞ ቦንቱ የአንዲትን ልጅ ጥፍር አይታ ቆሽሿል፣ ሂጂ ቁረጪ ትላታለች። ልጅቷም ቀድመሽ ያንቺን ሻሽ አውልቂ ትላታለች። ሌሎቹም አውልቂ፣ አውልቂ ይላሉ። ቦንቱ አላወልቅም ስትል አንዷ ከኋላ መጥታ ሳበችው። ቅማል ነበረበት፣ አስኩ። ቅጫሙ በቀዩ ክር ላይ ሳይቀር ነጥቶ ይታያል። ከእሷ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጡ የነበሩት ሁለቱ ልጆች እንደ ጭስ ተበተኑ። መምህሯ ዝም አሰኘቻቸው፤ ግን የልጅን ዓይን ዝም ማሰኘት አይቻልም። በማግሥቱ ቦንቱ ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች። በበነጋታውም። ፈተና ደርሷል፤ እሷ ግን ጓሮ ኮኩ ሥር ተቀምጣ ውላ ትገባለች።

መምህሯ አስጠርታኝ ስሄድ በመንገድ ላይ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። እንደገባሁ እጄን ዘርግቼ ጥፍሬን ቆርጬ መጥቻለሁ፣ ይዩልኝ አልኳት። አልሳቀችም። ወንበር ሰጠችኝና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ማንም ልጅቷን እንዳላባረራት፣ ግን ሌሎቹ ወላጆች መጥተው መናገራቸውን፣ ጠጉሯ እስኪታጠብና በጥርሰ ጠባብ ማበጠሪያ እስኪበጠር ብቻዋን የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ እንዳለባት። ተፈትቶ ከታጠበ መላጨት እንኳ እንደማያስፈልግ ነገረችኝ። ነጭ ጋዝ እንዳታደርጉባት፣ ራሷን ያቃጥላታል አለች። ብርቄ ነጩን ጋዝ በጠርሙስ አዘጋጅታ መጠበቋን አልነገርኳትም። ከዚያ ለምን አትፈቱላትም አለችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ጠመኔ እያየሁ ቆየሁና ባለቤቴ ናት የሠራችላት አልኩ። እሷም ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ እንዲህ አለች፦

«ኦቦ ተሾመ፣ እኔም አዝናለሁ። ቅማል ግን ሐዘን አያውቅም።»

ስመለስ ባጃጅ አልተሳፈርኩም። ሰው በአማርኛውም በኦሮምኛውም ሰላም ሲለኝ ባርኔጣዬን እያነሣሁ አለፍኩ። ፈተናው እስከሚጀመርበት ሰኞ ያለችኝን ቀን እያሰብኩ መጣሁ። አስኩ፣ እኔ መሪ መያዝ ነው የማውቀው። ፍሬን ሲበጠስ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ጌዶ ላይ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። የልጅ ራስ ላይ የቀረ የሟች እጅ እንዴት እንደሚነሣ ማን ያስተምረኛል? እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እኔ የማደርገው ወጥቼ መኪናውን ማጠብ ነበር፤ አንቺ ትጨርሺው ነበር። አሁን መኪናውም የለም።

በመጀመሪያ በቀልድ ሞከርኩ። ቅማሎቹ ስብሰባ ጠርተው እድር ሊያቋቁሙ ነው አልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ በጉቦ ሞከርኩ፤ ገበያ ወስጄ ቀይ ጫማ አሳየኋት። ጫማውን በደንብ አየችው፤ ዳሰሰችው፤ መልሳ ቦታው አስቀመጠችው። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት እንቅልፍ ሲጥላት መቀስሽን ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ከሻሹ አንድ ጫፍ ወጥቶ ነበር፣ ቀዩ ክር ያለበት። ያሰርሽውን ቋጠሮ አየሁት። መቀሱን ዘጋሁና መልሼ ሰቀልኩት።

ተኝታለች ብዬ ነበር፤ ለካ ነቅታለች። ተነሥታ ተቀመጠችና እያለቀሰች ጮኸችብኝ። ታውቂያለሽ፣ አንቺ እንዳስተማርሻት ሁልጊዜ እርስዎ ነው የምትለኝ፤ ስትናደድ ብቻ አንተ ትለኛለች።

«አንተስ ጢምህን መች ተላጨህ?» አለችኝ።

ስለ ጢሜ ሳልነግርሽ ቆየሁ። ከሞትሽ ወዲህ አልነካሁትም። አርባሽ እንደወጣ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ደቻሳ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጥቶ ነበር፤ እንደ ወጉ ሐዘን ሊያስተዉኝ፣ ሊያስላጩኝ። ምላጭ ሳይቀር ይዘዋል። እኔም «ይህ ጢም የአስካለ ነው፣ ከፈለገች ራሷ መጥታ ትላጨው» ብዬ አሳቅኋቸውና ሸኘኋቸው። ሁሉም ሳቁ። ቦንቱ በር ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም፤ አመነችኝ እንጂ። አያቷ በጢሙ የያዘውን ነገር እሷም በራሷ ያዘችው። እኔ ስተው ልትተው ነበር ስትጠብቅ የኖረችው።

ሽማግሌ አድርገሽ ብትልኪ ከዚህች ልጅ የተሻለ መልእክተኛ አታገኚም ነበር። ነገሩ ደግሞ እውነት ነው። ለሰው ሁሉ ቀልድ ነበር ያልኩት፤ ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ጠዋት ጢሜን ስዳስሰው ዛሬም ሐዘንተኛ ነኝ እላለሁ። ከተላጨሁ በኋላ ምን ነኝ? ለሚያየኝ ሁሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ አንድ ሽማግሌ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳፋውን፣ ጆጉንና ሳሙናውን ኮኩ ሥር አወጣሁ። የአሮጌዋ መኪናዬን የጎን መስታወት፣ ስፖኪዮውን፣ ታስታውሺያለሽ፣ ግድግዳ ላይ መትቼው የምላጭበትን፤ እሱን ነቅዬ ዛፉ ላይ ሰቀልኩት። ምላጩን ሳስቀምጥ ቦንቱ ከበሩ ወጥታ አየችኝ። ሳሙናውን አረፋ አድርጌ ቀባሁትና ከግራ ጀመርኩ። ግራው ጉንጬ እንዳለቀ ምላጩን አስቀመጥኩና ዱካሽ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ግማሽ ሐዘንተኛ፣ ግማሽ ሙሽራ ሆኜ።

ብዙ ቆየች። ከዚያ መጣችና ጀርባዋን ሰጥታኝ በጉልበቶቼ መካከል ተቀመጠች። ሻሹን ራሷ አወለቀችው።

በስፌት ሙዳይሽ ውስጥ ያለውን ወስፌ አምጥቼ ከግራ በኩል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቋጠሮ አልፈታ ብሎ አላበኝ። እጅሽ ጠንካራ ነው፤ ያሰርሽው ክር ከሞትሽ በኋላ እንኳ አይለቅም። እየፈታሁ ስሄድ ጠጉሩ በሠራሽው ቅርጽ ተጠማዞ ይቀራል፤ ማበጠሪያው እስኪያልፍበት። ማበጠሪያው ሲያልፍ ይጠፋል። ይህን አንቺ ሠርተሽው ነበር እያልኩ በልቤ አንድ በአንድ አጠፋሁት። ቦንቱ እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርግ ነበር። ምን ላድርግ? የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ማበጠሪያው ላይ አንድ ትልቅ ቅማል ሲወጣ ድምፄን እንደ ተሳፋሪ አድርጌ «ወራጅ አለ» አልኳት። ሌላ ወጣ፤ ወራጅ አለ። ሦስተኛው ላይ ሳቋን አፈነችው፤ ከዚያ እንባዋና ሳቋ ተደባልቆ ወጣ። ግራው ሲያልቅ ዞራ አየችኝና አሁን ያንተ ተራ አለች፤ ገና አልበረደላትም። የቀኝ ጉንጬን ተላጨሁ፤ የእሷን ቀኝ ፈታሁ። በአንድ ሳሙና ሁለታችንም ታጠብን።

ስፖኪዮው ውስጥ ራሴን ሳይ ደነገጥኩ። ጢሙ ወርዶ ከሥሩ የወጣው አንቺ የነበርሽበት ጊዜ ፊት ነው። ሚስቱ ገበያ ደርሳ የምትመለስለት ሰው መሰልኩ። አስኩ፣ ከቀብርሽ ቀን ይልቅ ያኔ ነው የፈራሁት።

የወደቀውን ጠጉር ልጠርግ መጥረጊያ ሳነሣ ቦንቱ ከለከለችኝ። አኮ ጠጉር ሜዳ ላይ አይጣልም ትላለች አለችኝ፤ ትላለች ነው ያለችው፣ ትል ነበር አላለችም። የእሷን ጠቀለለች፣ የእኔን ነጭ ጢም ከሳፋው ዙሪያ ለቃቅማ ለብቻ ጠቀለለች፣ እየመራችኝ ወደ በሩ ኋላ ሄደች። ስንጥቁ ሞልቶ ነበር። ቦታ ለማበጀት ጣቷን ሰደደችና የነበረውን ሳበች፤ አንድ ጥቅል እጇ ላይ ወጣ። ግማሹ ሽበት፣ ግማሹ ጥቁር። ያንቺ።

ሁለታችንም ቆመን አየነው። አልሸተተችውም፣ አልሳመችውም፣ በመዳፏ ይዛው ብቻ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ የተቆጣጣሪ ፊቷን አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ይኼ አይታጠብም አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይታጠብም። መልሳ አስገባችው፤ የእሷን ከላይ፣ የእኔን ከጎን አድርጋ በወስፌው ጀርባ ጠቀጠቀችው።

ሰኞ ጠዋት ሌላ ጣጣ መጣ። የተፈታው ጠጉር እንደ ጤፍ ክምር ቆመ፤ እንዲህ ሆና አትሄድ። ብርቄን ልጥራ ስላት እርስዎ ይሥሩኝ አለች። እኔ የማውቀው የጭነት ገመድ አስተሳሰር ብቻ ነው፤ ጎጆ ድንች ስንጭን የምናስረውን። በሁለት ከፈልኩት፣ ወደ ኋላ ሳብኩት፣ አንዱን ወደ ጆሮ፣ አንዱን ወደ አንገት ወሰድኩት፤ መስመሩ የጌዶን መንገድ ይመስላል። ቀዩን ክር ከሳፋው አውጥቼ በፈላ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ አስቀምጬው ነበር፤ በእሱ አሰርኩት። ያን ራስ ተሸክማ ቀና ብላ ሄደች። ቲቸር ሌንሴ ማበጠሪያ ይዛ ራሷን በደንብ አይታ ወደ ቀድሞ ወንበሯ መለሰቻት። ከሁለቱ ልጆች አንዷ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ሌላዋ ገና ናት። ቁጥጥሩን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። ምን አልሽ ስላት ያቺ ልጅ ጆሮ አታይም፣ ጥፍር ብቻ ናት የምታየው ብላ ተማረረች። ፈተናዋን ተቀምጣለች፤ ውጤቱ አልመጣም። ቅጫሙ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ አልጠፋም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳፋው ይወጣል፣ እኔም ወራጅ አለ እላለሁ።

አሁን አልማዝ ለግንበኛው ሰው ነግራለች፤ ከገና በፊት መጥቶ ግድግዳውን ይለስናል። ቦንቱም ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችው አዲሱ ሕግ የግድግዳ ስንጥቅ ይደፈን የሚል ነው፣ ትኋንና ቁንጫ ይደበቅበታል። ሕጉን ካነበበችልኝ በኋላ ወደ በሩ አየች፤ እኔም አየሁ። አይደፈን ብል ለልጅቷ ትምህርቷን ማፍረሴ ነው፤ ይደፈን ብል ደግሞ እጄ አይታዘዘኝም። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ሰውዬው ሲመጣ ከበሩ ኋላ ያለውን እኔ ራሴ ልደፍነው። ምንም ሳላወጣ፣ ሦስታችንንም ከነጠጉራችን በሲሚንቶ ልዝጋ። ቤታችን ጠጉር አብቅሏል እያልኩ እንግዳ ማሳቄን አልተውም፤ እውነት መሆኑን የምናውቀው ግን እኔና ቦንቱ ብቻ እንሆናለን።

ሁሉን ነገር ለመድኩት ብዬ አልዋሽሽም። ልጅቷ ታድጋለች። አንቺ በአንድ ቃል የምትጨርሺው፣ እኔ ግን ከየት እንደሚጀመር የማላውቀው ነገር ገና ብዙ ይመጣል፤ ያኔ የማወጣው ስፖኪዮ፣ የምላጨው ጢም የለኝም። እስከዚያው ሰኞ ሰኞ በጭነት ገመድ ቋጠሮ እሠራታለሁ። እየሠራሁ ክንዴ ሲዝል እጄን ራሷ ላይ አሳርፋለሁ፤ ያንቺ እጅ ለምን ያርፍ እንደነበረ አሁን አውቄዋለሁ። ቀዩ ክር በእጄ እስካለ፣ ሹራቡም የሚመዘዝ ክሩን እስኪጨርስ፣ አንቺ ከዚህ ቤት ራስ ላይ አትወርጂም።

ቦንቱ እንድጨምር ያዘዘችኝ አለ፦ እጄን ታጥቤ ነው የጻፍኩልሽ።

ጢም የሌለው ባልሽ፣
ተሾመ